ወረቀቷ ያለፈባት ተከራይ፣ ያልተመዘገበችው ጓደኛዋና የአምስት ወር ሕፃን፦ ከቱሉ ዲምቱ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ላስቀምጠው። ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ግቢዎ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ለአንዲት ኤርትራዊት ወጣት አከራይተዋል። ልጅቱ ትግራይ ውስጥ በነበረ የስደተኞች ካምፕ የተሰጣት ወረቀት አላት፤ የአገልግሎት ጊዜው ግን ካለፈ ቆይቷል። የአምስት ወር ሴት ልጅ አለቻት፤ የሕፃኗ አባት ኢትዮጵያዊ ነው፣ ከእርግዝናው ወራት ጀምሮ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። በቅርቡ አንዲት ጓደኛዋ መጥታ አብራት እየኖረች ሲሆን፣ እርሷ ደግሞ የትም አልተመዘገበችም። እናቲቱ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች በሚያከፋፍል ቤት ስትሠራ የሦስት ወር ደመወዝ ተከልክላለች። ጎረቤት «ኋላ አንቺው ትጠየቂያለሽ» ይልዎታል፤ አንድ ደላላ ለሁለቱም የቀበሌ መታወቂያ ላውጣላቸው ብሎ ዋጋ ጠርቷል። ሁለቱም ሴቶች መንግሥት ቢሮ ብንቀርብ ወደ አገራችን ይመልሱናል ብለው ይፈራሉ። ምን ላድርግ ነው ጥያቄዎ።

ዝርዝሩ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዱ ነገር ግን ማደር የለበትም። ደላላውን ዛሬውኑ ያሰናብቱት። ከዘረዘሩልኝ ችግሮች ሁሉ ኋላ ሊጠገን የማይችል ጉዳት የሚያመጣው የእርሱ «መፍትሔ» ነው። ያለፈበት ወረቀት ይታደሳል፣ ያልተመዘገበ ሰው ይመዘገባል፣ የተከለከለ ደመወዝ በክስ ይጠየቃል፤ ስደተኛ ሆና ሳለ ኢትዮጵያዊት ነኝ ብላ መታወቂያ ያወጣች ሴት ግን ጥበቃ የምትጠይቅበትን መሠረት በገዛ እጇ ትንዳለች። መታወቂያው ከእውነተኛ ጽሕፈት ቤት በእውነተኛ ማኅተም ቢወጣ እንኳ የተሞላው ቃል ሐሰት ስለሆነ ከወንጀል ተጠያቂነት አያድናትም። ደግሞም የቀበሌ መታወቂያ ዛሬ ብቻውን የሚቆም ወረቀት አይደለም፤ ባንክ ቤት ስትሄድም ሲም ካርድ ስታወጣም ፋይዳ ይጠየቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የጣት አሻራን፣ የዓይን ምስልንና የፊት ገጽታን መዝግቦ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ልጅቱ በዜግነት ተመዝግባ ቆይታ በኋላ በስደተኝነት ልትመዘገብ ብትቀርብ ያው አሻራዋ ሁለት የተለያየ ታሪክ ይናገርባታል። ስደተኞች ፋይዳ የሚያገኙበት የራሱ መንገድ አለ፤ መነሻውም በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ዘንድ ያላቸው ምዝገባ ነው። ደላላው በገንዘብ የሚሸጠው ነገር ሕጋዊው መንገድ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የሚያበላሽ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ሴቶች በጎረቤት ዓይን «ወረቀት የሌላቸው» ተብለው በአንድ ይጠሩ እንጂ በሕግ ፊት ያሉበት ቦታ የተለያየ ነው። በዚህ ሥራ እንደማየው ከሆነ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሰውየው ወደማይመለከተው ቢሮ በመወሰዱ ነው። ስደተኛን እንደ ማንኛውም ቪዛው ያለፈበት የውጭ ዜጋ ወደ ኢሚግሬሽን መስኮት ወስዶ «ቅጣት ከፍላ መኖሪያ ይሰጣት» ማለት፣ ጥሩ ልብ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት ነው። በዚያ መስኮት የሚጠየቀው ፓስፖርት ነው፤ እርሷ ደግሞ ፓስፖርት ለማውጣት የሸሸችው መንግሥት ኤምባሲ መሄድ ይኖርባታል፣ ይህም በራሱ የስደተኝነት ጥያቄዋን ያዳክማል። የእነዚህ ሴቶች ጉዳይ የሚታየው ብዙዎች አሁንም በቀድሞ ስሙ «አራ» እያሉ በሚጠሩት በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና ከእርሱ ጋር በሚሠራው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ነው።

ከተከራይዎ እንጀምር። የወረቀት ጊዜ ማለፍና የስደተኝነት መብት መቋረጥ አንድ አይደሉም። በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኝነት የሚቋረጠው ሰውየው በፈቃዱ ወደ አገሩ የሚመለስ፣ የአገሩን መንግሥት ጥበቃ መልሶ የሚቀበል፣ የሌላ አገር ዜግነት የሚያገኝ ወይም ያሰደደው ምክንያት የሚወገድ ከሆነና በመሳሰሉት ተለይተው በተቀመጡ ምክንያቶች ነው። የካርድ ቀን ማለፍ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ልጅቱ ዛሬም ስደተኛ ናት፤ የሚያስፈልጋት ይህን በእጇ የሚያሳይ የታደሰ ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ሳይታደስ የቀረበት ምክንያትም በእርሷ ላይ የተለየ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት የሽመልባና የሕፃጽ ካምፖች ወድመው ነዋሪዎቻቸው ተበትነዋል፤ በማይ አይኒና በአዲ ሐሩሽ የነበሩትም በኋላ ብዙዎቹ በሰሜን ጎንደር ዳባት አቅራቢያ ወደተቋቋመው የዓለምዋጭ መጠለያ ሲሄዱ፣ ሌሎች በራሳቸው መንገድ አዲስ አበባ ገብተዋል። ከእነርሱ መካከል የካምፕ ወረቀታቸውን እንደያዙ በጀሞ፣ በለቡ፣ በአያት ወይም እንደ እርስዎ ሰፈር ባለ የከተማ ጠርዝ፣ ኪራይ ረከስ በሚልበት ሰርቪስ ክፍል የተቀመጡ ብዙ ናቸው።

ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ስሟ አይጠፋም። በካምፕ ስትመዘገብ የጣት አሻራዋና የዓይኗ ምስል ተወስዶ ከሆነ መዝገቡ የሚገኘው በማዕከል ነው። ስትሄድ ያለፈበትን ወረቀት፣ ካላት የራሽን ካርዷን፣ ሁለቱም ከሌሏት የካምፑን ስም፣ የነበረችበትን ዞንና ብሎክ፣ የተመዘገበችበትን ዓመትና አብረዋት የተመዘገቡ የቤተሰብ አባላትን ስም በማስታወሻ ይዛ ትቅረብ። ሊያጋጥማት የሚችለውንም ቀድማ ትወቅ፦ ማስረጃው ቢታደስላትም አዲስ አበባ ለመኖር የሚያስችለው ፈቃድ ለብቻው የሚታይ ነው። ከካምፕ ውጪ መኖር ለኤርትራውያን ሲፈቀድ የኖረው በዋናነት ራሳቸውን ለሚችሉ ወይም የሚረዳቸው ዘመድና ወዳጅ ላላቸው ነበር፤ በሕክምና ወይም በደኅንነት ምክንያት የሚሰጥ የከተማ ስደተኝነትም አለ። «ወደ ካምፕ ተመለሺ» ብትባል ተቆጥታ ወይም ተስፋ ቆርጣ ከመውጣት ይልቅ የሕፃኗን ሁኔታ፣ ክትትል ካላት የሕክምና ወረቀቷን፣ የምትኖርበትን ቤትና የምትተዳደርበትን ሥራ ጠቅሳ በጽሑፍ ታመልክት። እርስዎ የሚሰጧት የኪራይ ውል ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ጓደኛዋ ያለችበት ሁኔታ ይከብዳል፤ ግን ተስፋ የሌለው አይደለም። አዋጁ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ወደ አገር በገባ በ30 ቀን ውስጥ ለአገልግሎቱ ቅርንጫፍ ወይም ቅርብ ለሆነ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያመለክት ይፈልጋል። ጊዜው ካለፈ ለምን እንደዘገየች ማስረዳት ይጠበቅባታል፤ መዘግየቷ ግን አደጋ ወደሚጠብቃት አገር በግዳጅ ያለመመለስ መብቷን አያስቀርም። ይህ መርሕ በ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽንም፣ እዚሁ አዲስ አበባ በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም፣ በራሳችን አዋጅም ውስጥ የሰፈረ ነው። ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገሯም ጥገኝነት ከጠየቀችና ምክንያቷን ካስረዳች በኋላ እንደ ወንጀል ሊያስቀጣት አይገባም። በአፍሪካው ስምምነት ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ጠቃሚ ነገር አለ፤ በግሏ የተለየ ክትትል ያልደረሰባትን፣ ነገር ግን በትውልድ አገሯ በውጭ ወረራ ወይም ሕዝባዊ ጸጥታን ክፉኛ ባናጋ ሁኔታ ምክንያት የተሰደደችን ሴትም ስደተኛ ይላታል።

ያም ሆኖ ከ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ኤርትራዊ መሆን ብቻውን እንደ ቀድሞው በጅምላ የስደተኝነት ዕውቅና አያሰጥም። ጉዳዩ በግል ቃለ መጠይቅ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚመዘነው በምትናገረው ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እውነተኛ ስደተኞች ራሳቸው በገዛ ቃላቸው ሲወድቁ የሚታዩት በዚህ ቦታ ነው። መጀመሪያ ታሪክ አትግዛ። «እንዲህ ካልሽ ይቀበሉሻል» እያለ የተዘጋጀ ታሪክ የሚሸጥ ሰው በየካፌው አለ፤ ያው ታሪክ በብዙ ሰው አፍ ስለተነገረ ጠያቂው ከመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ያውቀዋል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ኤርትራ በመንግሥት ሥራዋ የምትጠቀመው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ሲሆን እኛ ደግሞ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን። ጓደኛዋ «ለብሔራዊ አገልግሎት የተጠራሁት በ2015 ነው» ብላ በፈረንጁ ትናገራለች፤ አስተርጓሚው ወይም ጸሐፊው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስሎት 2015 ብሎ ያሰፍራል፤ ድንበር የተሻገረችበት ዓመት ከዚያ ቀደም ያለ ሆኖ ይገኝና መዝገቡ ላይ «ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል» ተብሎ ይጻፍባታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቤት ቁጭ ብላ የሕይወቷን ዋና ዋና ቀኖች በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ትጻፍ፤ በቃለ መጠይቁም ቀን በተነሣ ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገር ትግለጽ። የማታስታውሰውንም ቀን ገምታ ከመጥራት «ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነበር» ብትል ይሻላታል። ሦስተኛው ስም ነው፤ የአባትና የአያት ስም በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ አጻጻፍ ይስፈር። በመንገድ ላይ በሴትነቷ የደረሰባት ነገር ካለ ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ እንዲመደብላት ልትጠይቅ ትችላለች፤ ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት አይታይባትም። ጥያቄዋ ውድቅ ቢሆን ውሳኔውን በጽሑፍ ከነምክንያቱ ተቀብላ ይግባኝ ማለት ትችላለች፤ የይግባኙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ወረቀቱ በእጇ በገባበት ቀን የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥ ቦታ ትሂድ።

ስለ ጓደኛዋ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። እንዴት እንደመጣች አልነገሩኝም። በሥራ ስም ተታላ የመጣች፣ ስልኳ የተነጠቀ፣ ዕዳ አለብሽ ተብላ ያለ ክፍያ እንድትሠራ የተደረገች ወይም ቤተሰቧ ገንዘብ እስኪልክ የተያዘች ከሆነ፣ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚታይ በሰው የመነገድ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕግ ተጎጂዋ ከተከሳሽ ተራ አትቆጠርም፤ በጉዞው መስማማቷም ለበዳዩ መከላከያ አይሆነውም። የተደፈረች ከሆነች ግን ወረቀቱ ሁሉ ይቆይና ሕክምናው ይቅደም፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ የምክር አገልግሎቱና የፖሊስ ምርመራው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥበት ማዕከል አለ።

የሕፃኗ ጉዳይ የእናቷን ወረቀት መጠበቅ የለበትም። ብዙ እናቶች «የእኔ ሲስተካከል የእርሷንም አወጣለሁ» ብለው ያቆዩትና ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ያለ አንዳች ማስረጃ ይገኛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ከተሻሻለ በኋላም የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እየተመዘገበ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ አምስት ወር ስላለፈ ምዝገባው የዘገየ ይባላል እንጂ አልተዘጋም። ልጅቱ ጤና ጣቢያ ወልዳ ከሆነ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ተሰጥቷታል፤ ከጠፋባትም የካርድ ክፍሉ ከመዝገቡ አይቶ እንዲጽፍላት ትጠይቅ። የክትባት ካርዱም ቢሆን የልደት ቀኑን የሚያሳይ ደጋፊ ማስረጃ ነው። ምዝገባው የት እንደሚፈጸም ወረቀቷን ለማሳደስ በምትሄድበት ጊዜ የከተማ ስደተኞችን የሚያስተናግደውን ክፍል ትጠይቅ፤ በዚያው ሕፃኗ በእናቷ የስደተኝነት መዝገብ ውስጥ እንድትካተት ማመልከቷን እንዳትረሳ፣ ምክንያቱም ኋላ የሚመጣ ማንኛውም ድጋፍ የሚሰላው በመዝገቡ ላይ ባሉ የቤተሰብ አባላት ቁጥር ነው።

አባቷን በተመለከተ፣ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ሕፃኗም የኢትዮጵያዊ ልጅ ከሆነች ዜግነቷ ከአባቷ የመጣ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት ይህን ዜግነት አይሰጣትም፣ አይነሳትምም። ችግሩ አባትነትን ማስረዳት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትነት የሚታወቀው በጋብቻ ወይም ከጋብቻ ውጪ እንደ ባልና ሚስት አብሮ በመኖር በሚወሰድ ግምት፣ አባትየው ልጄ ነች ብሎ በመቀበል ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አባትየው እስኪገኝ እናቲቱ ብቻዋን ቀርባ ታስመዝግብ። ርኅሩኅ ጎረቤት ወይም ዘመድ «በእኔ ስም ትመዝገብ» ቢል አይፍቀዱ፤ ዛሬ ቸርነት የመሰለው ነገር ነገ አባትየው ሲመጣ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ሲነሣ በፍርድ ቤት የሚፈታ ቋጠሮ ይሆናል። አብረው ይኖሩ ከነበረ ይህን የሚያውቁ ሰዎች እነማን እንደሆኑና የተጻጻፉት የስልክ መልእክት የት እንዳለ ግን ካሁኑ ይያዝ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። «አንቺው ትጠየቂያለሽ» የሚለው የጎረቤት ንግግር ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በከተማው ዳርቻ ባሉ ግቢዎች ውስጥ በሌሊት እያመጡ ሰው የሚያቆዩ፣ ከዚያ ወደ መተማ ወይም ወደ ሞያሌ መስመር የሚያሻግሩ ሰዎች ስላሉ ፖሊስ አከራዮችን ይጠይቃል። ሕጉ የሚቀጣው ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ በማሻገር፣ ለብዝበዛ በማስቀመጥ ወይም ይህንኑ እያወቁ በመተባበር ጥቅም ማግኘትን ነው። የሰፈሩን ኪራይ ተቀብለው ለአንዲት እናት ቤት ያከራዩ ሰው ከዚያ ተርታ አይመደቡም። ጥርጣሬ የሚገባው ኪራዩን ሌላ ሰው የሚከፍል ሲሆን፣ በክፍሉ የሚያድሩት ሰዎች በየጊዜው የሚቀያየሩ ሲሆን፣ ሴቶቹ በራሳቸው ፈቃድ ከግቢ መውጣት የማይችሉ ወይም ስልካቸው በሌላ ሰው እጅ ያለ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ዝም ማለት እርስዎንም እነርሱንም ይጎዳል።

ራስዎን የሚጠብቁት ነገሩን ግልጽ በማድረግ ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉን በእውነተኛ ስሟና ዜግነቷ ያድርጉት፤ ያላትን ወረቀት ጊዜው ቢያልፍም ኮፒ ያያይዙ። መዝጋቢው የታደሰ መታወቂያ ቢጠይቅ ለማሳደስ የቀጠሮ ወረቀት እንዳላት ያሳዩ፤ ከዚህ የተነሣ የማሳደሱ ጉዳይ ከኪራይ ምዝገባው ቢቀድም ይመረጣል። ጓደኛዋን «የእህቴ ልጅ ናት» ብለው ማስመዝገብ የለብዎትም። የማንኛቸውንም ዋና ወረቀት «ለጥንቃቄ» ብለው እርስዎ ዘንድ አያስቀምጡ፤ የሰው ወረቀት መያዝ የአዘዋዋሪ ልማድ ስለሆነ ሲታይም አያምርም። ግቢዎ የሚገኝበትን አስተዳደርም አረጋግጡ፤ ቱሉ ዲምቱ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሥር ቢሆንም ትንሽ ወዲያ ሲሉ ገላን ነው፣ እርሱም በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ አካል ነው፤ ፖሊሱም የውል መዝጋቢውም የቤተሰብ ሕጉም ይለያያል።

የደመወዙ ጉዳይ ቀነ ገደብ ስላለው አይዘግይ። የቤት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለማይሸፍናት ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ መሄድ ግድ ይሆን ነበር። እንጀራ እየጋገረ ለሱቆች የሚያከፋፍል ቤት ግን የንግድ ሥራ ነው፤ አዋጁ ይመለከተዋል። በዚህ አዋጅ የደመወዝ ጥያቄ ካልተከፈለበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ክሱን አያስቀርም፤ በቴሌብር የተላከ የቀደመ ወር ክፍያ፣ «ነገ በጠዋት ግቢ» የሚል መልእክት፣ እንጀራውን ሲቀበል ያያት ባለ ሱቅ ሁሉ ማስረጃ ነው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አሠሪው «የሥራ ፈቃድ የላትም» ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ በእኔ እምነት ይህ የተሠራን ሥራ በነጻ አያደርገውም፤ አዋጅ 1110/2011ም ለስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቷል። ቢሆንም ወረቀቷ ሳይታደስ ክስ ብትጀምር ሰውየው ለፖሊስ እጠቁማለሁ እያለ ሊያስፈራራት ስለሚችል፣ መጀመሪያ በአካባቢ ሽማግሌ ቢሞከርና የስድስት ወሩ ጊዜ ሳያልቅ ወደ ፍርድ ቤት ቢኬድ ይሻላል።

ፖሊስ ቢይዛቸውስ? ማንኛውም የተያዘ ሰው፣ ዜጋ ሆነም አልሆነ፣ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚገባ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያዛል፤ ክሱ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል። እርስዎ የወረቀቷን ኮፒ ይዘው ጣቢያው ይሂዱ፣ የመርማሪውን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ይጠይቁ፣ ያገኙትንም ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ ለስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽኑና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወዲያውኑ ያሳውቁ። ጥገኝነት መጠየቅ የምትፈልግ ከሆነች ጓደኛዋ ይህን ለመርማሪው በቃሏ ተናግራ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ታድርግ። በጣቢያው «ነገሩን እጨርሳለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ።

ስለ ዕርዳታው ግልጽ ልሁን። ከካምፕ ውጪ የሚኖር ስደተኛ ወርኃዊ ድጎማ አያገኝም ማለት ይቻላል፤ ድጎማው የሚሰጠው ከባድ ሕመም ወይም የደኅንነት ሥጋት ስላለባቸው ወደ ከተማ ለመጡ ነው፣ የለጋሾች ገንዘብ ከቀነሰ ወዲህ ደግሞ እርሱም ጠቧል። ያለው ግን አለ። የወሊድ አገልግሎትና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ ሕፃኗ የጀመረችውን ክትባት እንዳታቋርጥ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በከተማ ላሉ ስደተኞች ለረጅም ዓመታት ሲሠራ የቆየ ነው፤ የጀዝዊት የስደተኞች አገልግሎትም አዲስ አበባ ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል የቋንቋና የኮምፒውተር ትምህርት፣ የምክር አገልግሎትና የሕፃናት ማቆያ ሲሰጥ ኖሯል። ለሕግ ድጋፍ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል መጠየቅ ይቻላል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች፣ በስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽኑም ጭምር፣ ምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር የመላክ ጉዳይ በገንዘብ አይሸጥም፤ ስሜን ወደ ካናዳ ዝርዝር አስገባልኝ ብላ ገንዘብ ሰጥታ ከሆነም ያንን ሰው ትጠቁም እንጂ ሁለተኛ አትክፈለው።

ለመሄጃው ቀን፣ ሁለቱ ሴቶች አብረው ይሂዱ፣ ጉዳያቸውን ግን ለየብቻ ያቅርቡ። በጠዋት ይውጡ፤ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲው ብቻ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ እርስዎ ያውቁታል፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ለሕፃኗ የሚያስፈልገው ሁሉ ይያዝ። የሚሰጣቸውን የቀጠሮ ወይም የመቀበያ ወረቀት በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንሥተው ሁለት ሁለት ኮፒ ያስደርጉ፤ ዋናው ከእነርሱ ጋር ይሁን፣ አንዱ ኮፒ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ምስክር ሁነው ቢጠሩም ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ ከመቼ ጀምሮ በግቢዎ እንደምትኖር፣ በምን እንደምትተዳደር፣ ሕፃኗ የእርሷ መሆኗን።